ዶልፊኑ ዓባይ በረሃን ይወጣዋል፤ ጥያቄው እንዴት ይወርደዋል ነው

ጥያቄ፦ «እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ብቸና ተወልደው ያደጉት የ68 ዓመት እናቴ ጎጃምን በመኪና መዞር እንፈልጋለን። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር የገጠመበትን ዶልፊን ሚኒባስ ያለ ሾፌር ያከራያል። በ4 ቀን ውስጥ በደጀን ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ጮቄ ተራራ ላይ አድረን በሞጣ በኩል ባሕር ዳር፣ ስንመለስ በእንጅባራ ለማድረግ አስበናል። ወንድሜ ግን ‹ዶልፊን ዓባይ በረሃን ሲወጣ ይፈላል፤ አትሞክረው› ይለኛል። እውነት ነው?»

ምላሽ፦ ወንድምዎ ቦታውን በትክክል ለይተውታል፤ አደጋውን ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የፈለጉት። ዳገት መኪና ያደክማል፣ ኪስ ያራቁታል፣ ሰው የሚገድለው ግን ቁልቁለት ነው። ደግሞም በላኩልኝ ዕቅድ ውስጥ የሞተሩ ነገር ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ትልቁ መንገዱ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የጎጃምን መንገዶች በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፍት ቆይቷል። ከዓባይ ወዲህ ማዶ፣ በሰሜን ሸዋ በኩል ደግሞ እገታ ተደጋግሞ ተሰምቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚሠራው መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ብቻ ነው። ሰላም መሆኑን በአንድ ዘመድ ስልክ አይለኩት፤ «እዚህ ምንም የለም» የሚልዎት ዘመድ የሚያውቀው የራሱን ከተማ ነው እንጂ በመካከል ያለውን 200 ኪሎ ሜትር አይደለም። እኔ የምለካው በአውቶቡስ ነው። አዲስ አበባ – ባሕር ዳር የሚሠሩት የሕዝብ አውቶቡሶች በጎጃም በኩል፣ ሌላ መስመር ሳይዞሩ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ ከተመላለሱ መንገዱ መንገድ ነው። መናኸሪያ ወርደው ሾፌሮቹን ራሳቸውን ይጠይቁ። መልሳቸው ካመነታ ልጆችና አረጋዊት እናት ይዞ መውጣት አይገባም። ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፤ ባሕር ዳርን ብቻ ማየት የሚበቃዎት ከሆነም በአውሮፕላን ይሂዱ።

አሁን ወደ መኪናው። መኝታ ያለው መኪና ተከራይቶ ተራራ ለተራራ መዞር በኖርዌይ ወይም በኒውዚላንድ የተለመደ ነው። እዚያ ግን የሚከራየው መኪናው ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው ሙሉ ሥርዓት አለ። ማታ ማታ የሚገቡበት የታጠረ ሰፈር፣ የሚሰኩት መብራት፣ የሚሞሉት ውሃ፣ የመጸዳጃ ታንከሩን የሚደፉበት ጉድጓድ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በጎጃም መስመር ይህ የለም። ስለዚህ እርስዎ የሚከራዩት የዚያን ሥርዓት አንድ አራተኛ ነው፤ የቀረውን ሦስት አራተኛ በየመሸበት ራስዎ መፈለግ አለብዎት። መንገድ ዳር ማደር ደግሞ በሰላሙም ጊዜ አይታሰብም። እንግዳ መኪና በሌሊት ሜዳ ላይ ቆሞ ሲታይ የአካባቢው ሰው ይደነግጣል፣ የቀበሌ ታጣቂ መጥቶ ማንነትዎን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ሜዳውም ራሱ አይታመንም። ከደጀን እስከ ብቸና ያለው አምባ በብዛት መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ አንድ ሌሊት ዝናብ ካገኘው ግን ጎማውን እስከ ግማሽ ይውጠዋል። ከዚያ የሚያወጣዎት ትራክተር ወይም ከገበሬው የሚለምኑት በሬ ነው።

በመኪና ውስጥ ማደር ካማራችሁ የሚያዋጣው የሆቴል ግቢ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራና ባሕር ዳር ሰፊ ግቢና ዘበኛ ያላቸው ሆቴሎች አሏቸው። ለእናትዎና ለገላ መታጠቢያ አንድ ክፍል ይከራዩ፤ የቀራችሁት በመኪናው ውስጥ ብታድሩ ሥራ አስኪያጁ እምብዛም አይከለክልም። ብቻ በቅድሚያ ያነጋግሩት፤ ለዘበኛውም ጉርሻ መስጠት አይርሱ።

ያገኙት ዶልፊን ላይ ግን ተቃውሞ አለኝ፤ የተቃወምኩት ዶልፊን በመሆኑ አይደለም። ወንበሮቹ ተነቅለው አልጋ ተሠርቶበታል ብለዋል። ታዲያ አምስት ሰው ሲጓዝ የት ነው የሚቀመጠው? ከፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ ልጆቹና እናትዎ ቀበቶ በሌለበት አልጋ ላይ ተጋድመው ነው የሚሄዱት ማለት ነው። መኪናው በድንገት ፍሬን ሲይዝ በአልጋው ላይ ያለው ሁሉ፣ ሰውም ምድጃም ሲሊንደርም፣ አንድ ላይ ወደ ፊት ይመጣል። ለዚህ ምንም ማስተካከያ የለውም፤ ለእያንዳንዱ ሰው በሻሲው ላይ የታሰረ ወንበርና ቀበቶ ከሌለ ያ መኪና ቤተሰብ አይጭንም።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። ሊብሬውን ይዩት። የግል ሰሌዳ ያለው መኪና ለኪራይ ሲውል፣ ወይም ሊብሬው ላይ 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ ተብሎ የተመዘገበው ውስጡ ተለውጦ ሲገኝ፣ አደጋ ቢደርስ የመድን ድርጅቱ «የዋስትና ውሉ ይህን አያውቅም» የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኪናውን ራሱን አይሸፍንም። አከራዩ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለው» ካለዎት ውሉን በእጅዎ ይዘው፣ ለኪራይ አገልግሎት የተገባ መሆኑን ያንብቡ።

ወደ ወንድምዎ ሥጋት ልመለስ። አየር ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። የድሮዎቹ ዶልፊኖች አብዛኞቹ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው ያላቸው፤ ስለዚህ ደጀን አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሩብ ያህሉ ጉልበት የለም። መኪናው ይንቀራፈፋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ በሁለተኛ ማርሽ ያቃስታል፤ ግን ይወጣል። ውሃ በከፍታ ቦታ ቶሎ እንደሚፈላም እውነት ነው፤ 2,500 ሜትር ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ግን ክፍት ድስት አይደለም። ክዳኑ ግፊት ይዞ መፍያውን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ «ዓባይ በረሃ ላይ ፈላ» የሚባል መኪና የፈላው ላስቲኩ የደረቀ ክዳን፣ በዝገት የተደፈነ ራዲያተር ወይም የላላ የቬንትሌተር ቺንጋ ይዞ ስለወጣ ነው። ሦስቱንም ከመነሳትዎ በፊት ጋራዥ ውስጥ ያሳዩ፤ በወንዝ ውሃ ፈንታ ኩላንት ያስሞሉ። የሙቀቱ መርፌ መውጣት ከጀመረ ማርሽ ቀንሰው የመኪናውን ማሞቂያ ይክፈቱ፤ በቆላው ሐሩር ውስጥ ቢያማርርዎትም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ካልበረደ ዳር ይዘው ይቁሙ። ክዳኑን በትኩሱ አይንኩት፤ የሚፈናጠረው ውሃ ፊት ይልጣል።

ቁልቁለቱ ሌላ ነገር ነው። በአዲስ አበባ በኩል ካለው ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳሉ። ዕቃና ሰው የጫነ 3 ቶን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ፍሬኑ ቢገባ ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያንን ሁሉ በአራት ጎማ ውስጥ ያሉ ጥቂት የፍሬን ሸራዎች ሊሸከሙት አይችሉም። መጀመሪያ ሸራው ይግልና መያዙ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። የፍሬን ዘይት በተፈጥሮው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፣ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ የተበጠሰ ነገር የለም።

መፍትሔው ለሾፌር ሁሉ የታወቀ፣ ግን በችኮላ የሚዘነጋ ነው። ጎሐ ጽዮን ቆመው ይረፉ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናውን እንዲይዘው ይተዉት። ፍሬኑን ሳይለቁ በስሱ እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያነዳዋል፤ ጠንከር አድርገው ይዘው ፍጥነቱን ይቀንሱና ፈጽሞ ይልቀቁት። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ሾፌሮች «ፎሌ» እንደሚሉት፣ መውረድ በዚህ ቦታ ራስን መግደል ነው። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተዎት አፍንጫዎን ይመኑና ሰፊ ቦታ ፈልገው ይቁሙ፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በጋለው ጎማ ላይ ውሃ የሚያፈሱ ብዙ ናቸው፤ የፍሬኑን ከበሮ ይሰነጥቀዋልና እርስዎ አያድርጉት። ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ፣ ሲነሱ ደግሞ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ አንሱ። በዚህ መንገድ ላይ ቀድሞ የቆመ ሰው ጥሎት የሄደው ድንጋይ ከኋላው የመጣውን ስንቱን እንደጣለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የበረሃው መሬት በክረምት የሚንሸራተት ስለሆነ አስፋልቱ በየቦታው ያብጣል፣ ይሰምጣል፤ ከጥገና በኋላም ተመልሶ ያብጣል። ከሲኖትራክና ከተሳቢ ጋር አይሽቀዳደሙ። የውሃ ታንከሩን ባዶ አድርገው ይውረዱ፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፣ ያውም በየኩርባው የሚናወጥ 100 ኪሎ። ደጀን ሲደርሱ ይሞሉታል። በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ውብ ነው፣ ጎኑ ያለው የድሮውም እንዲሁ፤ ነገር ግን ጥበቃ ስላለ ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ጣጣ ያመጣል። ፎቶውን ከአፋፉ አንሱት፤ ገደሉ ከላይ ሲታይ ይበልጣል።

ጮቄ ላይ ማደሩን አልደግፈውም። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅሙ ተክል፣ የጓሳው ሣር፣ ከሥር እየመነጩ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ወንዞች መታየት አለባቸው፤ ልጆችዎ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚጀምር በዓይናቸው ቢያዩ ደስ ይለኛል። ግን በቀን። ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ጨርሶ እንግዳ ባይሆንም እዚያ መተኛት ከመውጣት ይለያል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የሚበረቱት በሌሊት ነው። ራሱን እያመመው ያስመለሰው ሰው ካለ የሚያድነው ወዲያው መውረድ ብቻ ነው፤ በጨለማ፣ በጭጋግና በኩርባ መንገድ ደግሞ ወዲያው መውረድ የሚባል ነገር የለም። እናትዎ ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለባቸው ለቀኑም ጉዞ ቢሆን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ብርዱ ነው፤ ብርዱ ራሱ ሳይሆን ብርዱ የሚያሠራን ስህተት። ከኅዳር እስከ ጥር ጮቄ ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ቆርቆሮ መኪና ደግሞ ሙቀት አይዝም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ሲንቀጠቀጡ አንድ ሰው «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ ለጥቂት ደቂቃ እናስገባው» ይላል። ጭሱ ማለቁ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍም ሆኖ የቀላ ከሰል አብዝቶ ያመነጨዋል፤ የተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የቡና ከሰልም ቢሆን፣ የተረፈ ፍምም ቢሆን፣ ወደ መኪና አይገባም። የጋዝ ምድጃም ለማሞቂያ አይበራም። ቡናውን በር ከፍታችሁ ከውጭ አፍሉ፤ ማታ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ፣ በላስቲክ መያዣ የተሞላ ሙቅ ውሃ ይበቃል። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይተዉት።

በሮብ ገበያ በኩል ጮቄን ተሻግሮ ወደ ድጓ ጽዮንና ሞጣ የሚወስደው መንገድ በካርታ ላይ አጭር ሆኖ አታልሎዎታል። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሚያደርሰው የሰው መንገድ በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ የሚያልፈው 265 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው አስፋልት ነው። ወለሉ ዝቅ ላለና በኋላ ጎማ ጉልበት ብቻ ለሚሄድ ዶልፊን ሌላውን አልመክርም። እንዲያውም ዕቅድዎ ውስጥ አንድ ነገር ገርሞኛል፤ እናትዎ የብቸና ልጅ ሆነው ብቸና የለችበትም! ከደጀን ወደ ቀኝ በሚታጠፈው መንገድ አንድ ቀን ጨምሩላቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስም በዚያው አቅራቢያ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። የተለወጠውን ዶልፊን ይተዉት። የንግድ ሰሌዳና ለኪራይ የተገባ መድን ያለው፣ ወንበሩና ቀበቶው ሙሉ የሆነ ሚኒባስ፣ መስመሩን ከሚያውቅ ሾፌር ጋር ይከራዩ። ድንኳን፣ ፍራሽና ምድጃ ከኋላ ይጫኑ፤ የካምፕ ስሜቱን ልጆቹ በሆቴል ግቢ ሣር ላይ ያገኙታል። በ4 ቀን አይሞክሩት፤ የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል። ሰባት ቀን ይያዙ። የመጀመሪያው ቀን 300 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ደብረ ማርቆስ መግባት ነው፤ ማለዳ ከተነሱ ዓባይ በረሃን ሐሩሩ ሳይበረታ ያልፉታል። በማግስቱ ሚኒባሱን ሆቴል አቁመው ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ከሾፌሩ ጋር ለአንድ ቀን ይከራዩና ጮቄ ደርሰው ከጨለማ በፊት ይመለሱ። በተራራው ላይ ያለው የኢኮ ቱሪዝም መንደር በ2015 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ የተመረጠ ነው፤ መንገድ መሪ እዚያ ይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ወደ እንጅባራ ሲቃረቡ ዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ አጠገብ ነው፤ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ልጆቹን በእጅ ይያዙ። ከቲሊሊ ወደ ሰከላ ታጥፎ ግሽ ዓባይ መሄድ ከፈለጉ መንገዱ ጠጠር ነው፤ ምንጩ ጸበል በመሆኑም ቁርስ ሳይበሉ ይሂዱ። ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት ይረፉ። ስትመለሱ ከደጀን በኩል ያለው ቁልቁለት እንደገና እንደሚጠብቃችሁ አይርሱ፤ የደከመ ሾፌርና የሳሳ ፍሬን የሚገናኙት በመልስ ጉዞ ነው። ፍሬኑን ባሕር ዳር ላይ ያስፈትሹ።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይሁን፤ ዝናቡ አልፎ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው። የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ካሰቡ ጥር 23 እንጅባራ መገኘት አለብዎት፤ ያን ጊዜ ግን ሆቴል ቀድሞ ይያዛል። በገበያ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር፣ ከዚያም ወደ ማምሻው መንገዱ የአህያ፣ የበግና የሰው ነው፤ ጥሩምባ መንፋት እንስሳውን ከመረበሽ በቀር ፋይዳ የለውም፣ ፍጥነት ይቀንሱ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የትም ይሁኑ የት ይቁሙ። ናፍጣ ግማሽ ሲደርስ ይሙሉ፤ ማደያው በቴሌብር ስለሚያስከፍል ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ጥሬ ገንዘብ ላይጠቅምዎት ይችላል።

አከራዩን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ውሉ ላይ መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ የመጎተቻውንና የምትክ መኪናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይግባ፤ «እንግባባለን» የሚል አከራይ ደጀን ላይ ሆነው ሲደውሉለት ስልኩን አያነሳም። ሊብሬውንና የመድን ውሉን ሳያዩ፣ መኪናውንም በራስዎ መካኒክ ሳያስፈትሹ ቀብድ አይክፈሉ።